የጣና ውኃ ዛጎል ይበላል? የካልሲየም ካርቦኔት ሙሌትን ደረጃ በደረጃ መለካት

አንድ ቀን ተማሪዎቼን ይዤ ጣና ዳር ወረድኩ። አንዷ ልጅ ከድንጋዮቹ መሃል የሞተ ቀንድ አውጣ ዛጎል አነሳች። ጫፉ ተበልቷል። ነጥቷል፣ ሲነኩት ይሻክራል። «ቲቸር፣ ይሄን ምን በላው?» አለችኝ። ማዕበሉ ከድንጋይ ጋር አፋጭቶት ይሆናል ብዬ ላልፍ ነበር። ግን ጥያቄው ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

ዛጎል ካልሲየም ካርቦኔት ነው። የእንቁላል ቅርፊትም፣ የኖራ ድንጋይም፣ የባሕር ኮራልም እንደዚያው። ስለዚህ የልጅቷ ጥያቄ በኬሚስትሪ ቋንቋ እንዲህ ይሆናል፦ ይህ ውኃ ካልሲየም ካርቦኔት ጠግቧል ወይስ ገና አልጠገበም? የጠገበ ውኃ ዛጎሉን አይነካውም። ያልጠገበ ውኃ ቀስ እያለ ያሟሟዋል። ከመጥገብ ያለፈ ውኃ ደግሞ ነጭ ደለል ሊያስቀምጥ ይችላል።

ይህን የሚነግረን አንድ ቁጥር አለ። ኦሜጋ ይባላል። 1 ከሆነ ውኃው በልኩ ጠግቧል። ከ1 በታች ከሆነ አልጠገበም። ከ1 በላይ ከሆነ ከልኩ አልፏል። የባሕር ሳይንቲስቶች ስለ ኮራልና ስለ ዛጎል እጣ ሲነጋገሩ የሚያነሱት ይህንኑ ቁጥር ነው። እኛ ባሕር ዳር ያለን ሰዎች የባሕር ውኃ አጠገባችን የለም። ጣናን «ባሕሩ» እያልን ብናድግም ጨው አልባ ነው። ግን መለኪያውን ለመማር ከጣና የተሻለ ቦታ አላውቅም። በመጀመሪያ ሐይቁን እንለካለን፣ ከዚያ ስሌቱ ለባሕር ውኃ ሲሆን ምን እንደሚለወጥ አሳያችኋለሁ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ

ብዙ ሰው ሙሌት ሲባል ሻይና ስኳር ይመጣበታል። ስኳሩ ሲበዛ ብርጭቆው ሥር ይቀራል። ሻዩ ትኩስ ከሆነ ደግሞ ብዙ ይሟሟል። ካልሲየም ካርቦኔት ግን በሁለት ነገር ይለያል።

አንደኛ፣ ውኃው ሲሞቅ የሚሟሟው ያንሳል። ሁለተኛውና ዋናው፣ ሙሌቱን የሚወስነው ካልሲየሙ ብቻ አይደለም። የካልሲየምና የካርቦኔት ብዜት ነው። ካርቦኔቱ ደግሞ በካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውኃ ውስጥ ሲገባ ካርቦኔቱን ይይዝና ወደ ባይካርቦኔት ይለውጠዋል። ካልሲየሙ አንድ ጠብታ ሳይቀንስ ውኃው ይራባል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሲወጣ ደግሞ ካርቦኔቱ ተመልሶ ይመጣል፣ ውኃውም ይጠግባል።

ማንቆርቆሪያችሁ ሥር የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት የዚህ ሥራ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ውኃው ሲንተከተክ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ያስወጣል። ካርቦኔቱ ይበዛል። ሙቀቱም ይገፋዋል። ካልሲየም ካርቦኔት ሆኖ ይቀመጣል። አቼቶ ብታፈሱበት እየተንጫጨ የሚለቀውም ለዚህ ነው። አሲዱ ካርቦኔቱን መልሶ ጋዝ ያደርገዋል።

ይህን የማስረዝመው በምክንያት ነው። ከዚህ በታች የምላችሁ ጥንቃቄ ሁሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር የሚደረግ ትግል ነው። ጋዙ ከጠርሙሳችሁ ከወጣ ወይም ከገባ የቀረው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

የፒኤች ሜትር፣ የውኃውን አሲዳማነት በቁጥር የሚነግረን መሣሪያ። እስከ ሁለት አስርዮሽ የሚያነብ ይሁን። የሊትመስ ወረቀት ለዚህ ሥራ አይሆንም። ምክንያቱን ስሌቱ ላይ ታዩታላችሁ። ከሜትሩ ጋር ማስተካከያ ፈሳሾቹ፣ ማለትም ባፈር 7 እና ባፈር 10 ይኑሯችሁ። ቴርሞሜትር። ክዳናቸው ጥብቅ የሆነ ሦስት ወይም አራት የግማሽ ሊትር ጠርሙሶች። ገመድ። የጎማ ጓንትና መነጽር። ካልኩሌተር፣ የስልካችሁም ይበቃል። ሎጋሪዝም የሚሠራ መሆኑን ብቻ አረጋግጡ።

ለታይትሬሽኑ፣ ማለትም ፈሳሽ በጠብታ እየጨመሩ ለመለካት፣ ቢዩሬት (መጠኑ የተጻፈበት በጠብታ የሚያፈስ ቱቦ)፣ 250 ሚሊሊትር የሚይዝ ፍላስክ፣ 0.02 ኖርማል ሰልፈሪክ አሲድ፣ ካልሲየምን የሚይዘው 0.01 ሞላር ኢዲቲኤ፣ 1 ኖርማል ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ እና ሙሬክሳይድ የተባለው ቀለም ያስፈልጋሉ። እነዚህን የትምህርት ቤት ወይም የኮሌጅ ላብራቶሪ ባለሙያ ያዘጋጅላችኋል። አሲዱን ራሳችሁ የምታቀጥኑ ከሆነ ሁልጊዜ አሲዱን ወደ ውኃው ጨምሩ። ውኃውን ወደ አሲዱ አታፍስሱ።

ላብራቶሪ የሌላችሁ ደግሞ አትሂዱብኝ። ደረጃ 6 ላይ በእንቁላል ቅርፊት የሚሠራ ፈተና አለ። ቁጥሩን ባይሰጣችሁም «ጠግቧል ወይስ አልጠገበም» የሚለውን ይመልሳል።

ደረጃ 1፦ ውኃውን መቅዳት

ቦታ ምረጡ። ከከተማው የሚወርድ ቦይ ሐይቁ ውስጥ የሚገባበትን ተዉት። ደንገሉና እምቦጩ የተከማቸበትንም ተዉት። እዚያ የሚበሰብሰው ቅጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለቅ የሐይቁን ሳይሆን የብስባሹን ውኃ ትለካላችሁ። ጀልባ ካገኛችሁ ከዳር ትንሽ ራቅ በሉ። ካላገኛችሁ የጀልባ ማቆሚያው ጫፍ ላይ ቆማችሁ በገመድ ያሰራችሁትን ጠርሙስ ወርውሩ።

ውኃው ውስጥ በእግራችሁ አትግቡ። ጣና ዳር ቢልሃርዝያ አለ። ተሸካሚዎቹ ደግሞ እነዚያው የምንነጋገርባቸው ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። እጃችሁንም በጓንት ሸፍኑ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ አይጠፋም። ባለ ጀልባውን ሳትጠይቁ በማለዳም ሆነ በምሽት ወደዚያ አትጠጉ። «ዛሬ እዚያ ናቸው» ካላችሁ ቃሉን አክብሩ።

ጠርሙሱን በሐይቁ ውኃ ሦስት ጊዜ አለቅልቁ። ከዚያ ከላይኛው ገጽ ወደ ክንድ ያህል ዝቅ አድርጋችሁ ሙሉ። ሲሞላ አይንቦቅቦቅ። ጠርሙሱን ዘንበል አድርጉት፣ ውኃው በጎኑ ቀስ ብሎ ይግባ። እስከ አፉ ይሙላ። ክዳኑን ውኃው ውስጥ እንዳለ ብትገጥሙት ይመረጣል። ስትገለብጡት የአየር አረፋ ካያችሁ ድፉትና እንደገና ቅዱ።

ሁለት ጊዜ ቅዱ። አንዱን ጠዋት 1 ሰዓት፣ ሌላውን ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ። ይህን የግድ አድርጉት። ሌሊት ውኃው ውስጥ ያለው ሕይወት ሁሉ ይተነፍሳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይከማቻል። ቀን ግን አልጌውና የውኃ ውስጥ ተክሉ በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ሲሠራ ጋዙን ይጠቀምበታል። ፒኤቹ ይወጣል። አንድ ሐይቅ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ዓይነት ሐይቅ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 2፦ ሙቀትና ፒኤች፣ እዚያው

እዚያው ስል እዚያው ማለቴ ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ውኃውን ግማሽ በሞላ ጠርሙስ ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌ ወደ ከተማ ተመለስኩ። ምሳ በላሁ። የማስተምርበት ቦታ ያለው ሜትር ባትሪ አልነበረውም፣ ለማግኘት ወዲያና ወዲህ ስል መሸ። በማግሥቱ ለካሁ። ውጤቱን በኩራት ለተማሪዎቼ ጻፍኩላቸው። በሳምንቱ እዚያው ሐይቅ ዳር ስለካ ቁጥሩ በግማሽ ፒኤች ተለያየ። ያ ግማሽ ኦሜጋን በሦስት እጥፍ ያዛባል። ለአርባ ልጆች የተሳሳተ ነገር እንዳስተማርኩ የገባኝ ያኔ ነው። ሄጄ አረምኩት። እናንተ ላይ እንዳይደርስ ነው የምነግራችሁ።

ሜትሩን ከመውጣታችሁ በፊት በባፈር 7 እና በባፈር 10 አስተካክሉት። የጣና ፒኤች በሁለቱ መሃል ነው የሚውለው። ባፈሮቹና ውኃው ተመሳሳይ ሙቀት ላይ ቢሆኑ ጥሩ ነው። የሜትሩን ጫፍ በተጣራ ውኃ አለቅልቁ፣ በለስላሳ ወረቀት ጠጋ አድርጋችሁ አድርቁ እንጂ አትሹት።

ቴርሞሜትሩን ሐይቁ ውስጥ ክተቱ፣ ጻፉ። ከዚያ ጠርሙሱን ከፍታችሁ ሜትሩን አስገቡ። አታማስሉት። ጣና ውስጥ የሟሟ ጨው ትንሽ ስለሆነ ሜትሩ ለመርጋት ጊዜ ይወስዳል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ታገሡት። ቁጥሩ መንቀሳቀስ ሲያቆም ጻፉ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ሙቀት፣ ፒኤች፣ የአየሩ ሁኔታ። ደመና ከነበረ እሱንም ጻፉ።

በክረምት ውኃው ቡኒ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ አፈር ይዘውለት ይገባሉ። ፒኤቹን ሳታጣሩ ለኩ። ለታይትሬሽን የሚሆነውን ብቻ በማጣሪያ ወረቀት አሳልፉት። ማጣራት ጋዙን ያስወጣል፣ አልካሊኒቲንና ካልሲየምን ግን አይነካም።

ደረጃ 3፦ አልካሊኒቲ

አልካሊኒቲ ውኃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ ነው። እንደ ጣና ባለ ውኃ ውስጥ ይህ ማለት ከሞላ ጎደል ባይካርቦኔት ማለት ነው።

100 ሚሊሊትር ውኃ ፍላስክ ውስጥ አድርጉ። ቢዩሬቱን በ0.02 ኖርማል ሰልፈሪክ አሲድ ሙሉ። የፒኤች ሜትሩን ፍላስኩ ውስጥ እንዳለ አሲዱን በጠብታ ጨምሩ፣ ቀስ እያላችሁ አወዛውዙ። መጀመሪያ ፒኤቹ ዘገም ይላል። ወደ 5 ሲጠጋ በየጠብታው መውረድ ይጀምራል። 4.5 ሲደርስ አቁሙ። የፈሰሰውን አሲድ በሚሊሊትር አንብቡ፣ በ10 አባዙ። የምታገኙት አልካሊኒቲ ነው፣ በሚሊግራም በሊትር፣ ካልሲየም ካርቦኔት እንደሆነ ተቆጥሮ። 7 ሚሊሊትር ከፈሰሰ 70 ማለት ነው።

ሁለት ጊዜ ሥሩት። በሁለቱ መካከል ከ0.2 ሚሊሊትር በላይ ልዩነት ካለ ሦስተኛ ጨምሩ።

ደረጃ 4፦ ካልሲየም

ሌላ 100 ሚሊሊትር ውሰዱ። 4 ሚሊሊትር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጨምሩበት። ፒኤቹ ከ12 በላይ ይወጣል። ዓላማው ማግኒዚየሙን ከመንገድ ማስወጣት ነው። በዚህ ፒኤች ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ ሆኖ ስለሚቀመጥ ኢዲቲኤው የሚይዘው ካልሲየሙን ብቻ ነው። ሙሬክሳይድ ቆንጠር አድርጋችሁ ጨምሩ። ውኃው ሮዝ ይሆናል።

አሁን ኢዲቲኤውን በጠብታ። ሮዙ ወደ ወይን ጠጅ ሐምራዊ ሲለወጥ አቁሙ። ለውጡ እንደ ሌሎቹ ቀለሞች ቁርጥ ያለ አይደለም። ዓይን ይፈልጋል። ከአጠገባችሁ ጠብታ ያለፈበትን አንድ ፍላስክ አስቀምጡና ከእሱ ጋር አወዳድሩ። ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ ከገባ በኋላ አትዘግዩ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጨርሱ። ቆይቶ ካልሲየሙም መቀመጥ ይጀምራል።

የፈሰሰውን በ10 አባዙ። 5 ሚሊሊትር ከሆነ 50 ነው፣ አሁንም ካልሲየም ካርቦኔት እንደሆነ ተቆጥሮ። ንጹሑን የካልሲየም መጠን ከፈለጋችሁ በ0.4 አባዙት፣ 20 ሚሊግራም በሊትር ይሆናል።

ጣና ውስጥ ትልቅ ቁጥር አትጠብቁ። ሐይቁ የተኛው በባዛልት አገር ላይ ነው። ጣናን ጣና ያደረገው ራሱ የዓባይን መውጫ የገደበው የላቫ ፍሰት ነው። ጥቁር ድንጋይ እንደ ኖራ ድንጋይ በቀላሉ ካልሲየሙን አይለቅም።

ደረጃ 5፦ ስሌቱ

ጥያቄው ይህ ነው። ይህን ያህል ካልሲየምና ይህን ያህል አልካሊኒቲ ያለው ውኃ በየትኛው ፒኤች ላይ ነው በልኩ የሚጠግበው? ይህን «የሙሌት ፒኤች» እንበለው። ሐሳቡን በ1936 ለውኃ ማጣሪያ ሥራ ያቀረበው አሜሪካዊው መሐንዲስ ላንግሊየር ነው። ቧንቧዎች እንዳይዘጉና እንዳይቦረቦሩ ፈልጎ ነበር።

እንደ ጣና ለቀለለ ውኃ እንዲህ ይሠራል፦

የሙሌት ፒኤች = መነሻ ቁጥር − ሎጋሪዝም (ካልሲየም) − ሎጋሪዝም (አልካሊኒቲ)

ሁለቱም በሚሊግራም በሊትር፣ ካልሲየም ካርቦኔት እንደሆኑ ተቆጥረው። ሎጋሪዝሙ ባለ 10 መሠረቱ ነው። መነሻ ቁጥሩ በሙቀት ይለያያል፦ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 11.75፣ በ25 ዲግሪ 11.67፣ በ30 ዲግሪ 11.60። በመሃል ላለ ሙቀት በመሃል ያለ ቁጥር ውሰዱ። የምትለኩት ውኃ ከበድ ያለ ከሆነ፣ ለምሳሌ ኮንዳክቲቪቲው (ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ) 600 ማይክሮሲመንስ በሴንቲሜትር ገደማ የሆነ የጉድጓድ ውኃ ከሆነ፣ በመነሻ ቁጥሩ ላይ 0.1 ጨምሩ።

እንሥራው። ቁጥሮቹ ለልምምድ የመረጥኳቸው ናቸው፣ የእናንተ ሌላ ይሆናል። ሙቀት 25፣ ካልሲየም 50፣ አልካሊኒቲ 70። የ50 ሎጋሪዝም 1.70፣ የ70 ደግሞ 1.85 ነው። 11.67 ሲቀነስ 1.70 ሲቀነስ 1.85፣ 8.12 ይሆናል። የሙሌት ፒኤቹ 8.12 ነው።

አሁን የለካችሁትን ፒኤች አምጡ። ጠዋት 7.70 ነበር እንበል። 7.70 ሲቀነስ 8.12፣ −0.42 ነው። ኦሜጋን ለማግኘት 10ን በዚህ ቁጥር ከፍ አድርጉ። 0.38 ይመጣል። ውኃው ከሚችለው ከግማሽ በታች ነው የያዘው። ዛጎል ይበላል።

ከሰዓት 8.40 ነበር እንበል። ልዩነቱ 0.28 ነው። ኦሜጋ 1.9 ሆነ። እዚያው ውኃ፣ ያው ካልሲየም፣ ያው አልካሊኒቲ። ጠዋት የተራበው ከሰዓት ከጥጋብ አልፏል። ይህን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ክፍሉ ጸጥ ያለበትን ቅጽበት እወደዋለሁ።

የሊትመስ ወረቀት የማይሆነውም ለዚህ ነው። ወረቀቱ ቢሳሳት በግማሽ ፒኤች ይሳሳታል። ያ ደግሞ ከ0.6 እስከ 1.9 ያለውን ሁሉ አንድ ያደርገዋል። ሜትራችሁ በ0.05 ቢሳሳት እንኳ ኦሜጋችሁ ወደ 12 በመቶ ይዛባል። ስለዚህ ውጤታችሁን 0.38 ብላችሁ ከምትጽፉ «0.4 ገደማ» በሉት።

ደረጃ 6፦ በእንቁላል ቅርፊት ማረጋገጥ

ስሌት ሊሳሳት ይችላል። ውኃውን ራሱን መጠየቅ ይሻላል።

የአምስት ስድስት እንቁላል ቅርፊት ሰብስቡ። ቀቅሉት። በውስጥ በኩል ያለውን ስስ ሽፋን ላጡ። ሽፋኑ ከቀረ በስብሶ ፒኤቹን ያበላሻል። ፀሐይ ላይ አድርቁ፣ በሙቀጫ ውቀጡ። ዱቄቱን በተጣራ ውኃ ደጋግማችሁ አለቅልቁ። የላመው ብናኝ ከመጠን በላይ ስለሚሟሟ ውጤቱን ከፍ ያደርገዋል፣ እሱ ተጠርጎ ይሂድ።

በቅርፊት ፈንታ የእርሻ ኖራ መጠቀምም ይቻላል። በየወረዳው ለአሲዳማ አፈር የሚበተነው ማለቴ ነው። የተፈጨ የኖራ ድንጋይ መሆኑን ግን አረጋግጡ። የተቃጠለ ኖራ ከሆነ ፒኤቹን ወደ 12 ይሰቅለዋል፣ ፈተናውም ያበቃል። ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምንጽፍበት ጠመኔም አይሆንም። አብዛኛው ጂፕሰም ነው፣ ካልሲየም ሰልፌት።

ሁለት ጠርሙስ ከአንድ ጊዜ በተቀዳ ውኃ እስከ አፋቸው ሙሉ። በአንዱ የሾርባ ማንኪያ ቅርፊት ጨምሩ። ሌላውን ያለ ቅርፊት ተዉት፣ «ባዶው» የምለው እሱን ነው። ሁለቱንም አየር ሳይኖር ክደኑ። ጨለማ ውስጥ አስቀምጡ፣ ብርሃን ካለ አልጌው ሥራውን ይቀጥላል። በየሰዓቱ ነቅነቅ አድርጓቸው። ሌሊቱን ይደሩ። ጠዋት ሲጠልል የሁለቱንም ፒኤች ለኩ።

ቅርፊት ያለበት ከባዶው ከፍ ካለ ውኃው አልጠገበም ነበር ማለት ነው። ቅርፊቱን እያሟሟ ካርቦኔት ወስዷል። ዝቅ ካለ ከጥጋብ ያለፈ ነበር። ትርፉን ቅርፊቱ ላይ አስቀምጧል። እኩል ከሆኑ በልኩ ላይ ነው። ባዶውን ጠርሙስ እንዳትረሱት። እሱ ከሌለ የፒኤቹ ለውጥ ከቅርፊቱ ይሁን ውኃው ውስጥ ካሉት ነፍሳት ትንፋሽ አታውቁም።

ቅርፊት ያለበት ጠርሙስ የደረሰበት ፒኤች ደረጃ 5 ላይ ካገኛችሁት የሙሌት ፒኤች ጋር እኩል ባይሆን አትደንግጡ። ቅርፊቱ ሲሟሟ ካልሲየሙም አልካሊኒቲውም ስለሚጨምር ልኩ ራሱ ይንቀሳቀሳል። የምትፈልጉት አቅጣጫውን ነው።

ይህንኑ በቧንቧ ውኃና በጉድጓድ ውኃ ሞክሩት። የሚገርም ልዩነት ታገኛላችሁ።

ደረጃ 7፦ የባሕር ውኃ ሲሆን

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የመጣ ሰው ሁሉ የባሕር ወለል ተሻግሯል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የዓባይን በረሃ ስትወርዱና ስትወጡ በገደሉ ወገብ ላይ ነጣ ያለ ድርብርብ ድንጋይ ታያላችሁ። የኖራ ድንጋይ ነው። በጁራሲክ ዘመን እዚያ ላይ ባሕር ነበር። ያ ባሕር ካልሲየም ካርቦኔት የጠገበ ስለነበር ዛጎሉና ደለሉ ሳይሟሟ ተከማችቶ ድንጋይ ሆነ። 

የዛሬው የባሕር ውኃ ሙሌትም ይለካል፣ ግን በደረጃ 5 ቀመር አትሥሩት። ጨው ሲበዛ ነገሩ ይለወጣል። ማግኒዚየሙና ሶዲየሙ ካርቦኔቱን አቅፈው ይይዙታል። ቦሮንም አልካሊኒቲው ውስጥ ድርሻ አለው። ስለዚህ ለባሕር ውኃ ተብለው የተለኩ ቋሚ ቁጥሮች እንጠቀማለን። ከዚህ በታች ያሉት ጨዋማነቱ 35 (በኪሎግራም ወደ 35 ግራም ጨው)፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ለሆነ የላይኛው ገጽ ውኃ ናቸው።

አልካሊኒቲው 2,300 ማይክሮሞል በኪሎግራም፣ ፒኤቹ 8.05 ነው እንበል። መጀመሪያ ካርቦኔት ያልሆነውን እንቀንስ። በዚህ ፒኤች ቦሬቱ 92፣ ሃይድሮክሳይዱ 7 ይሆናል። 2,201 ይቀራል። ይህ የባይካርቦኔትና የሁለት እጥፍ ካርቦኔት ድምር ነው። የሁለቱን ጥምርታ ለማግኘት ከ8.966 ላይ ፒኤቹን ቀንሱ፣ 10ን በውጤቱ ከፍ አድርጉ። 8.24 ገደማ ይመጣል። ለአንድ ካርቦኔት 8.24 ባይካርቦኔት አለ ማለት ነው። 2 ጨምሩ፣ 10.24። 2,201ን ለ10.24 አካፍሉ። ካርቦኔቱ 215 ማይክሮሞል ነው።

የባሕር ካልሲየምን መለካት አያስፈልግም። ከጨዋማነቱ ጋር ስለሚሄድ በ35 ላይ 10.28 ሚሊሞል በኪሎግራም ነው። እንደ ቀይ ባሕር ጨዋማነቱ 40 ለሚጠጋ ውኃ ወደ 11.75 ከፍ ይላል። 10.28ን በ215 አባዙ፣ 2,210።

አሁን ማዕድኑን ለዩ። ካልሲየም ካርቦኔት በባሕር ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል። ካልሳይት ጠንካራው ነው። አራጎናይት በቀላሉ የሚሟሟው ነው፣ ኮራልና ብዙ ቀንድ አውጣ የሚሠሩት ከእሱ ነው። እያንዳንዱ በልኩ ሲጠግብ የሚደርስበት ብዜት አለው፣ እኛ ያገኘነውን ለዚያ እናካፍላለን። ለካልሳይት 2,210ን ለ427 አካፍሉ፣ ኦሜጋ 5.2። ለአራጎናይት ለ648 አካፍሉ፣ 3.4። ሁለቱም ከ1 በላይ ናቸው። ታዲያ ባሕሩ ለምን ነጭ ደለል ሆኖ አይወርድም? ማግኒዚየሙና በውኃው ያለው የሕያዋን ቅሪት ክሪስታሉ እንዳይጀመር ስለሚያግዱት ነው። ጀማሪ ይፈልጋል። ኮራሉና ዛጎሉ ናቸው ጀማሪዎቹ።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ፒኤቹን 7.95 አድርጉ፣ ሌላው ሁሉ ይቆይ። ባሕሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጠጣ የሚሆነው በትክክል ይህ ነው። አልካሊኒቲው አይነቃነቅም። ካርቦኔቱ ከ215 ወደ 179 ይወርዳል። የአራጎናይት ኦሜጋ ከ3.4 ወደ 2.8 ይወርዳል። ፒኤች በ0.1 ወርዶ ካርቦኔቱ በ17 በመቶ ገደማ ቀነሰ። የዓለም ባሕሮች የላይኛው ገጽ ፒኤች ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት ጀምሮ በ0.1 ያህል ወርዷል። የኮራል ሪፎች በአብዛኛው የሚገኙት የአራጎናይት ኦሜጋ ከ3 በላይ በሆነበት ሞቃት ውኃ ነው። እኔ ይህን ስሌት በእጄ እስክሠራው ድረስ 0.1 ምንም አይመስለኝም ነበር።

በሌላ ጨዋማነትና ሙቀት፣ ወይም በጥልቀት ስትሠሩ ቁጥሮቹ ሁሉ ይለወጣሉ። ቅዝቃዜና ግፊት ማዕድኑ እንዲሟሟ ይረዱታል። ለዚህ ሲኦቱሲስ (CO2SYS) የሚባል ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም አለ። ግን አንድ ጊዜ በእጃችሁ ሳትሠሩት ወደ እሱ አትሂዱ።

ወደ ዛጎሉ

ልጅቷ ያነሳችው ዛጎል የተበላው ጫፉ ላይ ነበር። ያ ቦታ የዛጎሉ አሮጌው ክፍል ነው። ቀንድ አውጣው ሕፃን ሳለ የሠራው። በሕይወት እያለ ዛጎሉን በስስ ሽፋን ይጠብቀዋል፣ ከውስጥ በኩልም አዲስ ይደርብበታል። ሽፋኑ መጀመሪያ የሚላጠው ከአሮጌው ጫፍ ነው። ውኃው የሚገባውም በዚያ ነው። ሲሞት ደግሞ የሚደርብለት የለም።

ስለዚህ ለጉዞው አንድ ነገር ጨምሩ። ውኃውን ስትቀዱ የሞቱ ዛጎሎችንም በጓንት ሰብስቡ። ጫፋቸውን በአጉሊ መነጽር እዩ። ምን ያህሉ እንደተበላ ቁጠሩ፣ ከቀዳችሁበት ቦታ ስም ጋር ጻፉ። ጠርሙሱ የዚያን ሰዓት ሙሌት ይነግራችኋል። ዛጎሉ ግን እዚያ የቆየበትን ጊዜ ሁሉ ይዟል።